ጸጥ ያለ ክፍል እንዴት ይሣላል?



ከዚህ ቀደም በዚህ ዓምድ ስለ እርሳስ አያያዝ፣ ስለ ወረቀት ምርጫና ስለ ጥላ አጣጣል ተጫውተናል። ዛሬ ደግሞ ቀላል መስሎ ብዙ ሰው የሚያስቸግረውን የቤት ውስጥ ሥዕል እናነሣለን። ተራራ ለመሣል ወደ እንጦጦ መውጣት ያስፈልጋል፤ ፈረስ ለመሣልም ፈረስ መፈለግ ግድ ነው። ክፍል ግን ሁሉም ሰው አለው። ተማሪ ከሆኑ የመኝታ ቤትዎ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑም በኪራይ የያዙዋት አንዲት ክፍል ከነአልጋዋና ከነጠረጴዛዋ ዘወትር ተሰናድታ ትጠብቅዎታለች። ገንዘብ አትጠይቅም፤ አትነቃነቅምም። ታዲያ ይህን ያህል የማትነቃነቅ ነገር ወረቀት ላይ ስትሰፍር የምትተራመሰው ስለ ምንድን ነው?

ይህን ጥያቄ ያመጣብኝ አንድ ወጣት ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ የሚሠራ ትሑት ልጅ ሲሆን፣ አንድ ቀን ከሥራ በኋላ አምስት ወረቀቶች በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣ። አምስቱም ሥዕሎች የእናቱ ቤት ናቸው። ቤቱ በአዲስ አበባ ዕድሜ ከጠገቡት የጭቃ ቤቶች አንዱ ነው፤ መንገድ ስለሚያልፍበት ሊፈርስ ቀን ተቆርጦለታል። እናቱ በዚያች ክፍል ውስጥ፣ በመስኮቱ ሥር በተቀመጠች የስፌት መኪና የሰው ልብስ እየሰፉ ልጆቻቸውን አሳድገዋል።

«ጋሼ፣ ፎቶግራፍማ አንሥቻለሁ» አለኝ። «ስልኬ ውስጥ ከመቶ በላይ አለ። ግን ፎቶው የሚያሳየኝ ዕቃውን ነው። እኔ የምፈልገው እማዬ ስትሰፋ ቤቱ ውስጥ የነበረውን ጸጥታ ነው። ልሥለው ስል ደግሞ ይረበሽብኛል።»

ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋቸው። እውነቱን ነው፤ ይረብሻሉ። የልጁ እጅ ግን መጥፎ አልነበረም። ጀበናው ጀበና ነው፤ መሶቡም ከነክዳኑ በሚገባ ወጥቷል። ነገር ግን ወለሉ ወደ ተመልካቹ ይንሸራተታል፤ አልጋው ወደ ግራ ሲሸሽ ቁም ሣጥኑ ወደ ቀኝ ይሸሻል፤ ከላይ የተሰቀሉት የፎቶግራፍ ፍሬሞች ሊወድቁ የተሰናዱ ይመስላሉ። በጠቅላላው ክፍሉ ዕቃ ጭኖ አቀበት የሚወጣ የጭነት መኪና ሆኗል።

«ስትሥል የት ነበርክ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ጥግ ላይ ቆሜ ነው፤ ሁሉም እንዲታየኝ» አለ።

በሽታው በዚህች አጭር መልስ ውስጥ ተጠቅልሏል። ጥግ ይዟል፤ ቆሟል፤ ሁሉንም ፈልጓል። እርስዎም ያልተሳካልዎት የክፍል ሥዕል ካለ አውጥተው ይመልከቱት፤ ከሦስቱ አንዱን፣ ምናልባትም ሦስቱንም ያገኙበታል።

ፐርስፔክቲቭ የሚባለው ትምህርት ስሙ ያስፈራል እንጂ ፍሬ ነገሩ አጭር ነው። ሥዕል የሚታየው በአንድ ሰው ዓይን፣ ከአንድ ቦታ ነው፤ ያ ዓይን የት እንደ ነበረም ሥዕሉ ራሱ መናገር አለበት። ይህን በተግባር በማሳየት ስሙ የሚነሣው የፍሎሬንሱ ፊሊፖ ብሩኔሌስኪ ነው። በ1400ዎቹ መጀመሪያ ላይ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እሰጣለሁ) በከተማው ካቴድራል ፊት ለፊት ያለውን የጥምቀት ቤት በትንሽ ጣውላ ላይ ሣለና ጣውላውን ቀዳው። ተመልካቹም ከሥዕሉ ጀርባ ሆኖ በቀዳዳው እያጮለቀ፣ ከፊት በተያዘ መስተዋት ውስጥ ሥዕሉን እንዲያይ አደረገ። በ1435 ሌላው ኢጣሊያዊ ሌዎን ባቲስታ አልቤርቲ ሕጉን በመጽሐፍ ጻፈው። ስሌቱን ለጊዜው እንተወው፤ ለእኛ የሚጠቅመን ቀዳዳው ነው። ብሩኔሌስኪ ተመልካቹን በአንድ ቦታ ላይ አስቀመጠው፤ ከዚያች ቀዳዳ ውጭ ማየት የለም።

የእኛ የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ይህን ሕግ አልተከተሉም። ስላላወቁ ተሳሳቱ የሚል ሰው ሲገጥመኝ ግን አልስማማም። ቅዱሱን በአጠገቡ ካለው ሰው አግዝፎ፣ ሁለቱን ዓይኖቹን ገልጦ፣ ክፉውን ደግሞ በአንድ ዓይን የሚሥል ሰው የሚናገረው ስለ ማዕረግና ስለ እምነት ነው እንጂ ስለ መቀመጫ ቦታ አይደለም። የመዝገብ ቤቱ ልጅ ግን የጎደለው መቀመጫው ነበር።

ስለዚህ በመጀመሪያ ይቀመጡ። የቆመ ሰው ዓይን ከወለሉ 1 ሜትር ከ55 ያህል ይርቃል፤ ወንበር ላይ ሲቀመጥ 1 ሜትር ከ15 ገደማ ይሆናል፤ በርጩማ ላይ ዝቅ ካለ ደግሞ ከ1 ሜትር በታች ይወርዳል። በዚሁ ከፍታ በወረቀትዎ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ ቀጭን መስመር ያሥምሩ፤ ይህ የዓይን መስመርዎ ነው። ከእርሱ በላይ ያለው ጠርዝ ሁሉ፣ ኮርኒሱም የመስኮቱም አናት፣ ሲርቅ ወደ መስመሩ ይወርዳል፤ ከእርሱ በታች ያለው ወለልና አልጋ ደግሞ ሲርቅ ወደ መስመሩ ይወጣል። ቆመው ሲሥሉ መስመሩ ከፍ ስለሚል ወለሉ ሰፍቶ ወረቀቱን ይሞላዋል፤ የጠረጴዛው ገበታ እንደ ትሪ ይዘረጋል፤ እርስዎም ቤት ሊፈትሽ እንደ መጣ ሰው ዕቃውን ሁሉ ከላይ ቁልቁል ያዩታል። ሲቀመጡ ግን የጠረጴዛው ገበታ ይቀጥናል፤ ወለሉ ጠባብ ይሆናል፤ በአንጻሩ ግድግዳው ይከፈታል። የክፍል ጸጥታ ያለው ደግሞ በግድግዳው ላይ ነው።

ጥጉን በሚመለከት ነገሩ የመስመር ጠባይ ነው። ከጥግ የታየ ክፍል ግድግዳዎቹ ሁለቱም እየሸሹ ይሄዳሉ፤ ስለዚህ ከቋሚዎቹ በቀር አንድም የተኛ መስመር አይገኝም፤ ሁሉም ያዘነበለ ነው። የፈረስ ጉግስ ወይም የገበያ ግርግር ለመሣል ይህ መልካም ነው። ጸጥታ ሲፈልጉ ግን ከአንዱ ግድግዳ ጋር ፊት ለፊት ይጋጠሙ። ያን ጊዜ በዚያ ግድግዳ ላይ ያለው አግድም ሁሉ አግድም ሆኖ ይቀራል፤ ቋሚውም ቋሚ ነው፤ ወደ ውስጥ የሚሄዱት መስመሮች ብቻ በአንድ ነጥብ ላይ ተሰብስበው ይጠፋሉ። ይህን ነጥብ መጥፊያ ነጥብ እንለዋለን። የሚገኘውም በዓይን መስመርዎ ላይ፣ ልክ ከዓይንዎ ትይዩ ነው።

ነጥቡን ለመፈተን አንድ ዓይንዎን ጨፍነው እርሳሱን በክንድዎ ልክ ይዘርጉና የጎኑ ግድግዳና ኮርኒሱ በሚጋጠሙበት መስመር ላይ ያስተኙት። ዝንባሌውን ሳያጠፉ ወደ ወረቀቱ ያውርዱት። ግድግዳውና ወለሉ በሚጋጠሙበትም እንዲሁ ያድርጉ። ሁለቱ መስመሮች ሲራዘሙ በዓይን መስመርዎ ላይ መገናኘት አለባቸው። ካልተገናኙ ወይ ጭንቅላትዎን አንቀሳቅሰዋል፣ ወይ ቤቱ ጠማማ ነው። የጭቃ ቤት ከሆነ ሁለተኛውን ምክንያት አይናቁት።

ርቀትም አለ። ለሚሥሉት ነገር በጣም ከቀረቡ የወረቀቱ ዳርና ዳር ይለጠጣል፤ ከፊት ያለው ወለልም እንደ ተዘረጋ ምላስ ይወጣል። ከሚሥሉት ግድግዳ ስፋት ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ ይራቁ፤ ሁለት እጥፍ ቢሆን ይበልጣል። የዴልፍቱ ሠዓሊ ዮሐንስ ቬርሜር (1632–1675) እንኳ በመጀመሪያዎቹ የክፍል ሥዕሎቹ ቀረብ ብሎ ስለ ነበር የወለሉ ንጣፍ ዳር ላይ ይዛባበት ነበር፤ እየቆየ ግን ርቀቱን ጨመረ፤ ሥዕሎቹም የዚያኑ ያህል ሰከኑ። «ክፍሌ 4 ሜትር በ4 ናት፤ ወዴት ልራቅ?» ይሉኝ ይሆናል። ወደ ደጃፉ ይራቁ። በሩን ከፍተው ደፉ ላይ በርጩማ ያኑሩና ወደ ውስጥ ይመልከቱ። የመዝገብ ቤቱን ልጅ የላክሁት እዚያው ነው።

አሁን ስለ ቬርሜር ካነሣን ልተወው የማልፈልገው አንድ ነገር አለ። በብዙዎቹ ሥዕሎቹ ላይ፣ ልክ በመጥፊያ ነጥቡ ቦታ፣ የስፒል ያህል ቀዳዳ ተገኝቷል። ስፒል ተክሎ፣ በጠመኔ የተለወሰ ክር አሥሮ፣ ክሩን ወጥሮ በሸራው ላይ እንደ ክራር አውታር ነካ ሲያደርገው ቀጥ ያለ መስመር ይወጣለታል። አናጢ እንጨት ሲሰነጥቅ ክር ወጥሮ የሚያሠምረው ዓይነት ነው። ለልጁ ይህን ስነግረው ሳቀ። «የእማዬ ቤት ስፒልና ክር ይጎድለዋል?» አለ። ጨርቅ የሚያሠምሩበትም ጠመኔ ነበራቸው። በማግሥቱ የእናቱን ስፒል ወረቀቱ ላይ ተክሎ፣ የእናቱን ክር ወጥሮ ሥራ ጀመረ።

ስፒሉ የት ይተከል የሚለው ግን የስሌት ብቻ ጉዳይ አይደለም። በአምስተርዳም ራይክስ ሙዚየም በሚገኘው፣ ወተት ስትቀዳ የምትታየውን ሠራተኛ በሚያሳየው ሥዕል (1658 ገደማ) ቬርሜር ስፒሉን የተከለው ከሴትዮዋ ቀኝ እጅ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። የክፍሉ መስመሮች ሁሉ ሰተት ብለው ወደዚያ እጅ ይሄዳሉ፤ ዓይንዎም ሳያውቀው ይከተላቸዋል። እርስዎም መቀመጫዎን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ጥቂት ቢያንፏቅቁት መጥፊያ ነጥቡ አብሮ ይንፏቀቃል። ልጁ በርጩማውን ወደ ደፉ ግራ ጫፍ ወሰደው። ነጥቡ ከእናቱ እጆች፣ ከስፌት መኪናው መርፌ አጠገብ ወደቀ። በዚህ ምክንያት በግራ በኩል ያለው መስኮት እጅግ ቀጥኖ የብርሃን ሰንጥቅ ብቻ ሆነ። «መስኮቱ ጠፋብኝ» ብሎ ደነገጠ። እኔ ግን አልደነገጥሁም፤ ብርሃኑ ወለሉና ግድግዳው ላይ እስካለ ድረስ መስኮቱን ማንም አይጠይቅም።

ወለሉ ባለ አራት ማዕዘን ጥለት የፕላስቲክ ምንጣፍ ነበር፤ በአምስቱ ሥዕሎች ላይ ትልቁ ረብሻ የመጣውም ከእርሱ ነው። ልጁ ካሬዎቹን በግምት እያሳነሰ ስለ ሣላቸው ወለሉ ደረጃ መስሎ ነበር። እርስዎም ይህ ቢገጥምዎ መላው እንዲህ ነው። በወረቀቱ ግርጌ ላይ የካሬዎቹን ስፋት እኩል እኩል ይለኩና ምልክቶቹን ሁሉ ከመጥፊያ ነጥቡ ጋር በክር ያገናኙ። የመጀመሪያውን ረድፍ ርዝመት ብቻ በዓይንዎ ገምተው አግድም ያሥምሩ። ከዚያ በኋላ ግምት የለም። የጥጉን ካሬ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን አሥምረው መስመሩን ያራዝሙት፤ ወደ ነጥቡ የሚሄዱትን መስመሮች አንድ በአንድ እያቋረጠ ይሄዳል። ባቋረጠባቸው ቦታዎች ሁሉ አግድም ቢያሥምሩ ረድፎቹ በየራሳቸው ልክ እየጠበቡ ይመጣሉ። ሲጨርሱ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ድካም አብዛኛውን በላጲስ ይደምስሱት። አዎን፣ ይደምስሱት። ከፊት ሁለት ሦስት ረድፍ ይበቃል፤ የቀረው በጥላ ውስጥ ይቅር።

ይህ ወደ ከባዱ ነገር ያደርሰናል። «ሁሉም እንዲታየኝ» ብሎ ነበር ልጁ። ቅንብር የሚባለው ከዚህ ምኞት ጋር የሚደረግ ትግል ነው። በክፍሉ ውስጥ ያለውን ዕቃ ቆጥሮ በጽሑፍ እንዲያመጣልኝ አዘዝሁት፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነውና በተራ ቁጥር አስፍሮ 31 ዕቃ አመጣ። በግድግዳው ላይ የተለጠፈው አሮጌ ጋዜጣ እንኳ አልቀረም። «ከዚህ ውስጥ 6 ብቻ ይቀራል» አልሁት። እንደ ተቆጣ ከፊቱ አወቅሁ።

የጠቀስሁት የወተት ቀጂዋ ሥዕል ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ተመራማሪዎች በመሣሪያ ከቀለሙ ሥር ተመልክተው በ2022 እንዳስታወቁት፣ ቬርሜር መጀመሪያ ከሴትዮዋ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ ማሰሮዎች የተንጠለጠሉበት እንጨት፣ ከታች በቀኝ በኩልም ከአርጩሜ የተሠራ ትልቅ ቅርጫት ጀምሮ ነበር። ሁለቱንም በቀለም ሸፈናቸው። በቦታቸው የተወው ባዶ ነጭ ግድግዳ ነው። ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ በዚያ ባዶ ግድግዳ ላይ አንድ ሚስማር ከነጥላው፣ የሚስማር ቀዳዳዎችም ቀርተዋል። ባዶው የተኖረበት ባዶ ነው። ግድግዳውን ባዶ ማድረግ ማለት እንደ ሆስፒታል ማንጻት አይደለም።

ከእርሱ ይበልጥ የቀነሰ ሰው ቢኖር የዴንማርኩ ቪልሄልም ሃመርስሆይ (1864–1916) ነው። ከ1898 እስከ 1909 ከባለቤቱ ከኢዳ ጋር በኮፐንሃገን ስትራንድጋዴ በሚባል መንገድ፣ ቁጥር 30 ተከራይቶ ኖረ፤ በዚያው ቤት ውስጥ ብቻ ከ60 በላይ ሥዕል ሠራ። እርስዎ «ክፍሌ ጠባብ ናት፤ የሚሣል ነገር የላትም» በሚሉበት ጊዜ ይህን ሰው ያስቡት። ቀለሙ ግራጫ፣ ነጭና ቡናማ እንጂ ሌላ እምብዛም አይደለም። ኢዳ አብዛኛውን ጊዜ ጀርባዋን ሰጥታ ትታያለች። በ1900 በሠራው ዝነኛ ሥዕሉ ላይ ደግሞ ሰውም ዕቃም የለም፤ አንድ በር፣ አንድ መስኮት፣ ከመስኮቱ ወደ ወለሉ የሚወርድ የፀሐይ ጨረርና በጨረሩ ውስጥ የሚንሳፈፍ አቧራ ብቻ ነው። በሩን አተኩረው ቢያዩት እጀታ የለውም።

ፊትን ማዞሩ ትልቅ ዘዴ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ከሰው ፊት የበለጠ የሚጮኽ ነገር የለም፤ ፊት ካለ ግድግዳውንም ብርሃኑንም የሚያይ አይገኝም። የልጁ እናት በመስኮቱ በኩል ጎንበስ ብለው ሲሰፉ ነጠላቸው ከደጃፉ በኩል ፊታቸውን ይጋርደዋል። እንዲያው እንዳሉ ይሣሉ አልሁት። ይህን ወዲያው ተቀበለ።

ያልተቀበለኝ ስለ ፎቶግራፉ ነው። ከፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ፣ ከኮርኒሱ ሥር፣ የሟች አባቱ ፎቶግራፍ በጥቁር ፍሬም ተሰቅሏል። እኔ ከሚወጡት 25 ዕቃዎች መካከል ቆጥሬው ነበር። «ጋሼ፣ አባቴን ልደምስሰው?» አለኝ። ግድግዳው ሰፊና ንጹሕ እንዲሆን ነው፣ ለሥዕሉ ሲባል ነው፣ ብዬ ብዙ ተናገርሁ። ዝም ብሎ ሰማኝና ሄደ። በሳምንቱ ሲመለስ ፎቶግራፉ በቦታው ነበር፤ ነገር ግን ፊት የለውም፤ ከግድግዳው ጥቂት ጠቆር ያለ አራት ማዕዘን ብቻ ነው። ያ አራት ማዕዘን ባይኖር ኖሮ የቀኙ ግድግዳ ሰፊ ብቻ ሳይሆን ሙት ይሆን ነበር፤ በግራ ያለውን የእናትዮዋን ክብደት የሚመልስለት እርሱ ነው። በዚህ እኔ ተሳስቻለሁ፤ ልጁ ትክክል ነበር። ስለዚህ ዕቃ ሲቀንሱ ከእኔ ቁጥር ይልቅ ያን ዕቃ በእጅዎ ሸፍነው ሥዕሉን ይመልከቱ። ሲሸፈን ሥዕሉ ቢያርፍ ያውጡት፤ ሲሸፈን ቢከፋው ይተዉት።

ብርሃኑን በአጭሩ ልንገርዎ። ክፍል ባይንቀሳቀስም ፀሐይ ትንቀሳቀሳለች። ጥላውን እየተከተሉ ከሠሩ የጠዋቱና የቀትሩ ጥላ በአንድ ወረቀት ላይ ይጣላሉ። አንድ ሰዓት ይምረጡና በዚያ ሰዓት ብቻ ይሣሉ። ልጁ የመረጠው ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት ከ1 እስከ 2 ሰዓት ያለውን ጠዋት ነው፤ የብርሃኑን ዳርቻ በመጀመሪያው ቀን በቀጭን መስመር አሠመረ፤ ከዚያ ወዲያ አላሳደደውም። የአውሮፓ መጻሕፍት ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ፀሐይ ስለማይገባው ለሠዓሊ ይስማማል ይላሉ። ለእነርሱ እውነት ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ወደ ሰሜን ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማገባደጃ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች። መጽሐፍ አምነው ክፍል እንዳይቀይሩ ነው።

ጥላውን በሦስት ደረጃ ብቻ ይክፈሉት፤ የወረቀቱ ነጭ፣ መካከለኛ ግራጫና ጥቁር። መካከለኛው ከወረቀቱ እኩሌታ በላይ ይያዝ። ጥቁሩና ነጩ ጎን ለጎን የሚገናኙት በአንድ ቦታ ብቻ ይሁን፤ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነውና። በልጁ ሥዕል ላይ ይህ ቦታ የስፌት መኪናው ጥቁር አንገትና ከሥሩ የተዘረጋው ነጭ ጨርቅ ነው። የእርሳሱን ጭረት ደግሞ በግድግዳው ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያስኪዱት። የተመሰቃቀለ ጭረት ግድግዳውን ሣር ያስመስለዋል።

ሥዕሉ 9 ጠዋት ፈጀ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ዕቃው እየታሰረ ይወጣ ስለ ነበር፣ ልጁ እኔ ካዘዝሁት 6 የበለጠ ነገር ከፊቱ አላገኘም። በዘጠነኛው ቀን የስፌት መኪናዋም ልትነሣ ስትል ለእናቱ አሳያቸው። እኔ አልነበርሁም፤ የነገረኝ እርሱ ነው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት። ስለ ስፌት መኪናዋም፣ ስለ ፎቶግራፉም፣ ስለ ራሳቸውም አንዳች አላሉም። «ደፉ ላይ ተቀምጠህ ነው አይደል?» አሉት። «ልጅ ሆነህም ከትምህርት ቤት ስትመጣ እዚያው ነበር የምትቀመጠው፤ ግባ ስልህ እምቢ እያልክ።»

አሁን የሚኖሩት በኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሥዕሉ ፍሬም ገብቶለታል፤ ግን ገና አልተሰቀለም። ግድግዳው ሚስማር እያጣመመ አስቸግሯል፤ የሚበሳ ሰው እስኪመጣ ድረስ በስፌት መኪናዋ ላይ ተደግፎ ቆሟል። እናትዮዋ ሲሰፉ አንሥተው አልጋው ላይ ያኖሩታል፤ ሲጨርሱ ይመልሱታል።